"ዳኛው ተሽጠዋል" ብለው ከመጻፍዎ በፊት፦ ጠበቃ ስለ ዳኛ በአደባባይ ምን ድረስ መናገር ይችላል?

ጥያቄ፦ "በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የምሠራ ጠበቃ ነኝ፤ ፈቃድ ካወጣሁ 6 ዓመት ሆኖኛል። ከሦስት ሳምንት በፊት በአንድ የውርስ ቤት ክርክር የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በደንበኛዬ ላይ ፈረደ። ዳኛው ካቀረብናቸው 4 ምስክሮች አንዱን ብቻ ሰምተው ሌሎቹን 'የሚመሰክሩት ለተመሳሳይ ጭብጥ ነው' ብለው አለፏቸው። ዋናውን የሰነድ ማስረጃችንን በፍርዱ ውስጥ አልጠቀሱትም። የተቃራኒ ወገን ጠበቃና ዳኛው ዩኒቨርሲቲ አብረው የተማሩ መሆናቸውን ደግሞ በኋላ ሰማሁ። ደንበኛዬ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ጉዳዩን ለሕዝብ እንዳወጣላቸው እያለቀሱ ይለምኑኛል። የዳኛውን ስም ሳልጠራ 'ዳኛው ተሽጠዋል፤ ፍትሕ ገበያ ላይ ወጥቷል' የሚል ጽሑፍ ለፌስቡክ ገጼ አዘጋጅቻለሁ፤ አንድ የዩቲዩብ ዝግጅትም ጋብዞኛል። ሐሳብን የመግለጽ መብቴ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተጠበቀ ነው፤ ፍርዱ ስለተሰጠም ጉዳዩ አልቋል። በአሜሪካ ጠበቆች ስለ ዳኞች የፈለጉትን ይናገራሉ። የእኛ ድንበር የት ላይ ነው?"

ምላሽ፦

ጽሑፉን አይልቀቁት። ይህን የምልዎት ዳኛ የማይነካ ስለሆነ አይደለም። ረቂቅዎ ማስረዳት የሚችሏቸውን ሁለት ቁም ነገሮች ትቶ ማስረዳት የማይችሉትን አንዱን ስለሚናገር ነው። ሦስት ምስክሮች አለመሰማታቸው በመዝገቡ ላይ ተጽፏል። ሰነዱ በፍርዱ አለመጠቀሱን ፍርዱን ያነበበ ሁሉ ያየዋል። ዳኛው ስለመሸጣቸው ግን በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር የለም፤ በጥያቄዎ ውስጥም ከ"ሰማሁ" ያለፈ ነገር አላገኘሁም።

በቅድሚያ "ጉዳዩ አልቋል" የሚለውን ላርም። አላለቀም። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርብበት ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ከዚያ ላይ ሦስት ሳምንት ሄዷል። ከይግባኝ በኋላ ደግሞ የሰበር አቤቱታ አለ። ሌላም ወጣት ጠበቆች የሚዘነጉት ነገር አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በእርስዎ ሐሳብ ተስማምቶ "ምስክሮቹ ሊሰሙ ይገባ ነበር" ቢል መዝገቡን ሊመልሰው የሚችለው ወደ ሥር ፍርድ ቤት ነው። ያን ጊዜ ሦስቱን ምስክሮች ይዘው የሚቆሙት "ተሽጠዋል" ባሏቸው ዳኛ ፊት ሊሆን ይችላል። ዳኛው ቂም የማይዙ ሰው ቢሆኑ እንኳ ደንበኛዎ ያን ቀን በሰላም አይቆሙም። ዳኛው ቢፈርዱልዎት ደግሞ ተቃራኒ ወገን "በፌስቡክ አስፈራርተው ያገኙት ፍርድ ነው" ይላል፤ ለማለትም ጽሑፍዎን በእጁ ይዟል።

አንቀጽ 29ን የጠቀሱት ግማሹን ነው። አንቀጹ ነጻነቱን በሰፊው ያረጋግጣል፤ በአመለካከት ይዘት ምክንያት ገደብ መጣልንም ይከለክላል። በዚያው አንቀጽ ንኡስ አንቀጽ 6 ግን የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ገደብ በሕግ ሊደነገግ እንደሚችል ተጽፏል፤ ተደንግጓልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2044 መሠረት ሌላውን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ ቃል የተናገረ ወይም የጻፈ ሰው በኃላፊነት ይጠየቃል፤ "ልጎዳቸው አስቤ አይደለም" የሚለው መልስም ብቻውን አያድንም። በወንጀል ሕጉም ስም ማጥፋት በአንቀጽ 613 ያስቀጣል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን በኩል የሚፈጸመውን ስም ማጥፋት ከወንጀልነት ቢያወጣውም፣ የግል የፌስቡክ ገጽዎ በዚያ ጥላ ሥር ይጠለላል ብለው እንዲተማመኑ አልመክርዎትም።

በተቃራኒው ደግሞ ከሚገባው በላይ የሚፈሩ ባልደረቦች አሉኝ። ከችሎት ውጪ ስለ ፍርድ የተነገረ ሁሉ "ችሎት መድፈር" ይመስላቸዋል። አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 449 በዋናነት የሚናገረው በምርመራ፣ በክርክር ወይም በችሎት ሂደት ላይ ሥራውን እያከናወነ ያለን ዳኛ ስለሚሳደብ፣ ስለሚያፌዝበት፣ ስለሚዝትበት ወይም ሥራውን ስለሚያውክ ሰው ነው። ቅጣቱም እስከ 1 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 3 ሺህ ብር መቀጮ ነው። ድንጋጌው የተጻፈው ችሎቱ ሥራውን እንዲሠራ ነው፤ የዳኛውን ስሜት ከትችት ለመከለል አይደለም። ይህን ድንበር የሚያልፉ ዳኞች ሲያጋጥሙ መናገር የጠበቃ ግዴታ ይመስለኛል። በየአገሩም አሉ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ፕራሻንት ቡሻን የተባሉትን ታዋቂ ጠበቃ በሁለት የትዊተር መልእክቶች ጥፋተኛ ብሎ 1 ሩፒ ቀጣቸው፤ ሩፒዋን ባይከፍሉ ኖሮ የሚጠብቃቸው የ3 ወር እስርና የ3 ዓመት የጥብቅና እገዳ ነበር። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ሩፒዋን ግን ከፈሉ። በጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር አሕመድናስር አብዱላሂን፣ ዳኞቹን በማኅበራዊ ሚዲያ አጥብቀው የሚተቹትን ስመ ጥር ጠበቃ፣ ከነቢሯቸው ላልተወሰነ ጊዜ ከፊቱ እንዳይቆሙ አገዳቸው። ለእኔ ሁለቱም ውሳኔዎች ፍርድ ቤቶቹን ከትችቱ የበለጠ ጎድተዋቸዋል። የኬንያው ይባስ፤ በጠበቃው አንደበት ምክንያት ምንም ያላሉ ደንበኞችም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፊት ሲደርሱ የመረጡትን ጠበቃ አጡ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። የእርስዎ ፈተና ከወንጀሉና ከካሣው ይልቅ ፈቃድዎ ነው። ማንኛውም ዜጋ በአውቶቡስ ውስጥ "ዳኞች ሌቦች ናቸው" ብሎ ሲወርድ ቃሉም አብሮት ይወርዳል። ጠበቃ ሲለው ግን ሰሚው "እሱ ውስጡን ያውቀዋል" ብሎ ይይዘዋል፤ ፈቃዳችን ለቃላችን ክብደት ጨምሮለታል። ከሌላኛው ወገን ያለው ሰው ደግሞ መልስ አይሰጥም። ዳኛ ስለ ፍርዱ በፌስቡክ አይከራከርም፣ ጋዜጠኛ ጠርቶ "ምስክሮቹን ያልሰማሁት በዚህ ምክንያት ነው" አይልም፤ የሥነ ምግባር ደንቡ ያስረዋል፣ መልሱም ፍርዱ ራሱ ነው። እጁ የታሰረን ሰው በጥፊ መምታት በየትኛውም መንደር ጀግንነት ተብሎ አያውቅም። ለዓመታት የሠራንበት የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992ም ሆነ የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቃውን ለደንበኛው ብቻ የቆመ አድርገው አያዩትም፤ ለፍትሕ አስተዳደርም ግዴታ ያለበት ባለሙያ ነው። የዲሲፕሊን እርምጃውም ከማስጠንቀቂያ አንሥቶ ፈቃድ እስከ መሰረዝ ይሄዳል።

"ስማቸውን አልጠራሁም" የሚለው መከላከያ አይረባም። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ችሎት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዳኛ ይሰየማል። እርስዎ ቀኑን፣ የጉዳዩን ዓይነትና ምድብ ችሎቱን ጠቅሰው "ዳኛው" ካሉ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ከጥበቃው እስከ መዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማንን እንዳሉ የማያውቅ የለም። እንዲያውም ስም ሳይጠሩ ሲቀሩ በዚያው ምድብ የሚሠሩ ሌሎች ዳኞችን ሁሉ በጥርጣሬ አጅበው ነው የሚሄዱት። "በእኔ እምነት" ብለው ቢጀምሩትም ያው ነው። "በእኔ እምነት ማስረጃው በአግባቡ አልተመዘነም" አስተያየት ነው። "በእኔ እምነት ገንዘብ ተቀብለዋል" ግን አስተያየት የለበሰ የፍሬ ነገር ክስ ነው፤ ከሳሽ ሲመጣ የሚጠየቁት "እምነትዎ ምን ነበር?" ተብለው ሳይሆን "ማን፣ መቼ፣ ስንት ሰጠ?" ተብለው ነው።

በፍሬ ነገርና በአስተያየት መካከል ስላለው በዚህ ልዩነት ከማውቃቸው ፍርዶች ሁሉ የሚያስተምረኝ መነሻው ጅቡቲ የሆነው ነው። ፈረንሳዊው ዳኛ ቤርናር ቦሬል እ.ኤ.አ. በ1995 ጅቡቲ ውስጥ ሞተው፣ አስከሬናቸው በከፊል ተቃጥሎ ተገኘ። "ራሳቸውን አጥፍተው ነው" የሚለውን ድምዳሜ ባለቤታቸው አልተቀበሉትም። ከጠበቆቻቸው አንዱ ኦሊቪዬ ሞሪስ ነበሩ። ጉዳዩን ይመረምሩ የነበሩት ሁለት ዳኞች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመዝገቡ ሲነሡ፣ የተተኩት ዳኛ አንድ የቪዲዮ ካሴት ከመዝገቡ ጋር እንዳልተላለፈላቸው፣ ከካሴቱ ጋርም የጅቡቲ ዐቃቤ ሕግ ለቀድሞዋ መርማሪ ዳኛ በወዳጅነት አነጋገር የጻፉት ማስታወሻ እንደነበር በይፋ መዝግበው አስቀመጡ። ሞሪስ ይህን ይዘው ለፍትሕ ሚኒስትሯ ጻፉ፤ የደብዳቤው ይዘትና የጠበቃው ቃልም "ለ ሞንድ" በተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ላይ ወጣ። የዳኞቹ አካሄድ ከገለልተኝነት መርሕ ጋር የሚጣረስ ነው ማለታቸው ነበር። በፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች በስም ማጥፋት ተፈረደባቸው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ፍርዱ ሐሳብን የመግለጽ መብታቸውን ጥሷል ብሎ ወሰነላቸው። ያዳናቸው ቃላቸው ለስላሳ መሆኑ አይደለም፤ የከረረ ነበር። ያዳናቸው ከቃላቸው ሥር በሌላ ዳኛ እጅ የተጻፈ ሰነድ መኖሩ ነው። ይኸው ፍርድ ጠበቃ ከጋዜጠኛ ጋር አንድ ተደርጎ እንደማይታይም ይናገራል፤ ብዙዎች የመጀመሪያውን ክፍል ጠቅሰው ይህኛውን ይዘሉታል።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1998 ያው ፍርድ ቤት ሾፕፈር በተባሉ የስዊዘርላንድ ጠበቃ ላይ ተቃራኒ ውሳኔ ሰጥቷል። ሰውየው ደንበኛቸው ያለ አግባብ ታስሯል ብለው ጋዜጠኞችን ሰበሰቡ፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት ለዓመታት ሕግ ሲጥሱ ኖረዋል፣ የመጨረሻ ተስፋዬ እናንተ ናችሁ አሉ። የመጨረሻ አልነበረም፤ ይግባኝ ገና አልጠየቁም። በኋላ ሲጠይቁ በከፊል ተሳካላቸው። የጠበቆች ተቆጣጣሪው አካል በ500 ፍራንክ ቀጣቸው፤ የአውሮፓው ፍርድ ቤትም ቅጣቱ መብት አልጣሰም አለ። የእርስዎ ጉዳይ ዛሬ ባለበት ደረጃ ከሞሪስ ይልቅ ከሾፕፈር ጋር ይመሳሰላል።

አሜሪካን የጠቀሱት እንደ ብዙ ሰው በፊልም ያዩትን ይዘው ይመስለኛል። እውነት ነው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 ዳኞችን በስንፍናና ረፍት በማብዛት የከሰሱትን የኒው ኦርሊንስ ዐቃቤ ሕግ ጂም ጋሪሰንን ከወንጀል ቅጣት ነጻ አውጥቷቸዋል። ይሁን እንጂ ከወንጀል ነጻ መሆንና በፈቃድ አለመጠየቅ እዚያም አንድ አይደሉም። ለአብዛኞቹ ግዛቶች መነሻ የሆነው የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የሥነ ምግባር ሕግ፣ ጠበቃ ስለ ዳኛ ብቃት ወይም ሐቀኝነት ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነትነቱን ለማጣራት ግድ ሳይሰጠው እንዳይናገር ይከለክላል። የብሩክሊን ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ኤሊዛቤት ሆልትዝማን የደረሰባቸውን ይመልከቱ። ከሥራቸው ያለ አንድ ዐቃቤ ሕግ በጻፈው ማስታወሻ ተነሥተው፣ አንድ ዳኛ የወሲብ ጥቃት ተበዳይዋን ችሎት ውስጥ መሬት ላይ ወርዳ የነበረችበትን ሁኔታ እንድታሳይ አስገድደዋታል የሚል ደብዳቤ ለመገናኛ ብዙኃን በተኑ። የችሎቱን ቃለ ጉባኤ አስቀድመው አላዩም፤ የተባለውም ሐሰት ሆኖ ተገኘ። የኒው ዮርክ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ተግሣጻቸውን አጸና። በፍሎሪዳም አንድ ጠበቃ ዳኛዋን በኢንተርኔት ላይ "ክፉ ጠንቋይ" ብሎ በመጻፉ በአደባባይ ተገሥጿል። አሜሪካ ለሚኖሩና እዚያ ፈቃድ ላላቸው አንባቢዎቼም ጭምር ነው ይህን የምጽፈው፤ ግዛቶቹ በዝርዝሩ ይለያያሉ፣ ስለዚህ የራስዎን ግዛት ሕግ ያንብቡ።

አሁን "አብረው ተምረዋል" ወደሚለው እንምጣ። ይህን ጥርጣሬ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። አገራችን ውስጥ ከ1956 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዲግሪ ደረጃ ሕግ የሚያስተምረው በዛሬ ስሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነበር። ዛሬም ቢሆን የዳኛው፣ የዐቃቤ ሕጉና የጠበቃው መንገድ በጥቂት በሮች ነው የሚያልፈው። አብሮ መማር ብቻውን አድልዎ ቢሆን ኖሮ ችሎት የሚሰየም ዳኛ አናገኝም ነበር፤ እኔም ደብተሬን የተዋሰ ዳኛ ሁለት ጊዜ ፈርዶብኛል። ከመተዋወቅ ያለፈ ግንኙነት ካለ ግን፣ ማለትም ዝምድና፣ የጥቅም ትስስር ወይም ዳኛው በጉዳዩ ቀድሞ የገባበት ነገር ካለ፣ ያ በሕግ የታወቀ መፍትሔ አለው፦ ዳኛው ይነሡልኝ የሚል አቤቱታ። ይህ አቤቱታ ምክንያቱ እንደታወቀ ወዲያውኑ የሚቀርብ ነው። ምክንያቱን ይዞ ፍርዱን መጠበቅ፣ ሲሸነፉ ማንሣት፣ ከሁሉ የከፋው አካሄድ ነው፤ ይግባኝ ሰሚዎቹም በቶሎ ያሸቱታል። እርስዎ በኋላ ካወቁት መቼና እንዴት እንዳወቁ በቃለ መሐላ አስደግፈው በይግባኝዎ ላይ ሊያነሡት ይችላሉ፤ ያም ከወሬ ያለፈ ነገር በእጅዎ ካለ ብቻ ነው።

የሥነ ምግባር ጉድለት አለ ብለው በቅን ልቡና የሚያምኑ ከሆነ ጉዳዩ የሚቀርበው በአዋጅ ቁጥር 1233/2013 ለተደራጀው የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። እዚህም ላይ የተለመደ ስህተት አለ። ጉባኤው ፍርድ አይሽርም። "ዳኛው ሕጉን ሳቱ" የሚል አቤቱታ ይዘው ቢሄዱ "ይግባኝ ይበሉ" ብሎ ይመልስዎታል፤ ልክም ነው። ጉባኤው የሚያየው ጠባይን ነው፦ ጉቦን፣ ግልጽ አድልዎን፣ ባለጉዳይን ማዋረድን፣ መዝገብን ያለ ምክንያት ማጉላላትን። ገንዘብ ስለመሰጠቱ የተጨበጠ ነገር ካለዎት ደግሞ ወንጀል ነውና ወደ መርማሪ ይሂዱ፤ ቀድመው ፌስቡክ ላይ ካወጡት የሚያስጠነቅቁት ተጠርጣሪውን ነው። ጉዳዩ የክልል ፍርድ ቤት ቢሆን ኖሮ የምጠቅስልዎት የክልሉ የዳኞች ጉባኤና የክልሉ የጥብቅና ሕግ በሆነ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የደንበኛዎ ዕንባ ነው። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" ያለ ሕዝብ ልጅ ናቸው፤ ቤቱን ከማጣታቸው በላይ ምስክሮቻቸው ሳይሰሙ መቅረታቸው ነው የሚያቃጥላቸው። ስሜቱ ትክክል ነው። ሆኖም በንዴት የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ጉዳዩን አደባባይ ሲያወጡ የቤተሰቡን ጉዳይ፣ የወንድምና የእኅት ክርክርን፣ ምናልባትም ለእርስዎ ብቻ የነገሩዎትን ምስጢር አብረው ያወጣሉ። ያ ምስጢር የእርስዎ አይደለም፤ መዝገቡ ቢዘጋም ግዴታው አይዘጋም። ምን እንደሚነገር፣ የት እንደሚነገር፣ ምን ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል አስረድተው በጽሑፍ ካላስፈረሟቸው አንድ ቃል መናገር የለብዎትም። ሌላ ፈተናም ይጠብቅዎታል፦ ጽሑፉን እርስዎ አርቅቀው በልጃቸው ገጽ ላይ ማስለጠፍ። ይህን ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ። ለራስ የተከለከለውን በሌላ እጅ ማድረግ ነው፤ ሲመረመር የአጻጻፍዎ ዘይቤ ያጋልጥዎታል፣ በክሱ የሚቆሙት ግን እናትዮዋና ልጃቸው ናቸው።

የዩቲዩቡን ግብዣ ለጊዜው ይተዉት። እርስዎ ለአንድ ሰዓት ተጠንቅቀው ቢናገሩ አርእስቱን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው፤ "ጠበቃው የዳኛውን ጉድ አፈረጠው" ተብሎ ፎቶዎ በቀይ ቀስት ሲወጣ የሚሰርዝልዎት የለም። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ከአንድ ችሎት ስወጣ በር ላይ ለያዘኝ ጋዜጠኛ "ችሎቱ አድልቷል፣ ሰነዴን ጣለው" አልኩት። ማታ ፍርዱን ረጋ ብዬ ሳነብ ሰነዱ የተጣለው በማስረጃ ዝርዝሬ ላይ ሳላካትተው፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ስላቀረብኩት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጋዜጣው ግን ጠዋት ወጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔም ለማሸት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ደንበኛዬ ገንዘባቸውን ይዘው ሌላ ጠበቃ ጋ ሄዱ።

ታዲያ ዝም ይበሉ ማለቴ ነው? አይደለም። ጠበቃ ስለ ፍትሕ አስተዳደር በአደባባይ የመናገር መብት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የጠበቆች ሚና መሠረታዊ መርሖዎች በግልጽ ይናገራል። በችሎት ውስጥ ደግሞ ጥበቃው የበለጠ ሰፊ ነው፤ በቅን ልቡና፣ ከጉዳዩ ጋር አግባብ ያለው ነገር በጽሑፍም ሆነ በቃል ክርክር ሲያነሡ እነዚያ መርሖዎችም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2048ም ይከልሉዎታል። ስለዚህ በጣም የከረረውን ቃልዎን ለይግባኝ ማመልከቻዎ ያስቀምጡ፤ እዚያም ቢሆን ፍርዱን እንጂ ሰውየውን አይምቱ። የተቆለፈ ችሎት፣ በየቀኑ የሚተላለፍ ቀጠሮ፣ ምክንያት የሌለው ብይን፣ ዋስትና ተፈቅዶለት ያልተለቀቀ ሰው፣ እነዚህ ሁሉ በስም፣ በቀንና በመዝገብ ቁጥር ሊነገሩ የሚገባቸው ናቸው። የመጨረሻው እንዲያውም ጠበቃ ስለ ዳኛ ሊናገር የሚገባው ንግግር ዋና ምሳሌ ነው፤ ዳኛው ይለቀቅ ብሎ አዝዞ ፖሊስ አልለቅም ሲል ዳኛው መግለጫ አይሰጥም፣ ትእዛዙን አደባባይ ላይ የሚያቆምለት ጠበቃው ብቻ ነው። የፍርድ ትችትም ባህል አለን። የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ከ1956 ጀምሮ ፍርዶችን ሲያሳትምና ምሁራን ሲተቿቸው ኖረዋል፤ ሰበር ሰሚ ችሎት የራሱን ቀደምት ትርጉም ሲለውጥ አይተናል። የበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋቾች ዳኛው ፊት ቆመው በግጥም ነገር ሲገጣጠሙ ኖረዋል፤ የሚያሸንፈው የነገሩን ሥር ያገኘው እንጂ ጮክ ያለው አልነበረም።

ይግባኙ ከታየ በኋላ፣ ደንበኛዎም ፈርመው ከፈቀዱ፣ ከረቂቅዎ ይልቅ ይህን መጻፍ ይችላሉ፦ "በአንድ የውርስ ክርክር የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከ4 ምስክሮች 1 ብቻ ሰምቶ ፈርዷል። ያልተሰሙት ሦስቱ የሚመሰክሩት ለተመሳሳይ ጭብጥ ነው ብሎ የደመደመበትን ምክንያት በፍርዱ አላስቀመጠም። ዋናው ሰነዳችንም በፍርዱ አልተጠቀሰም። ፍርድ ቤት የቀረበለትን ማስረጃ ያልተቀበለበትን ምክንያት መግለጽ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ያላየው ማስረጃ የተመዘነ ማስረጃ አይደለም።" ይህን ጽሑፍ ዳኛው ቢያነቡት ሊናደዱ ይችላሉ። ሊከሱዎት ግን አይችሉም፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከመዝገቡ የተወሰደ ወይም ከመዝገቡ የወጣ አስተያየት ነው። ከ"ተሽጠዋል"ም ይልቅ ይህኛው ያማል።

ነገ ጠዋት መዝገብ ቤት ሄደው የፍርዱንና የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ያውጡ። "ለተመሳሳይ ጭብጥ" የተባለው በብይን የተሰጠ መሆኑን፣ እርስዎም በዚያው ቀን ተቃውሞዎን አስመዝግበው እንደነበር ይዩ፤ ካላስመዘገቡ ይግባኙን ሲያረቅቁ ከባዱ ጥያቄ እሱ ነው የሚሆነው። ረቂቁን ከስልክዎ ያጥፉት። 60ው ቀን ከመሙላቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይግባኙን ያስገቡ፤ ደንበኛዎንም ጠርተው ማመልከቻውን ከፊታቸው ቁጭ ብለው ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።